ወረቀት የያዘውን አይለቅም

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት የተነገረው ወረቀትን ለማመስገን ይሁን ሞኝን ለመንቀፍ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የምንውል ሰዎች ትርጉሙን በየቀኑ በኑሯችን እንቀምሰዋለን። ፋይል በጠፋ ጊዜ እናማርራለን፤ ፋይል በተገኘ ጊዜም በውስጡ የሰፈረው የቆየ ቃል የማያፈናፍን ሲሆንብን እንደ ገና እናማርራለን። እኛም የ12ኛ ክፍል ትምህርታችንን ጨርሰን በመዝገብ ቤት ከተቀጠርንበት ቀን አንሥቶ ከወረቀት ጋር ስንውል ኖረናልና ምሬቱን እናውቀዋለን።

ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው ግን ስለ ብዙ ፋይል ሳይሆን ስለ አንዲት ቅጠል ወረቀት ነው። ያችን ወረቀት የያዝናት በሰው አገር፣ በበረዶ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ የአራት ሰዎች ደኅንነት በእርሷ ላይ ተጽፎ ነበር። ወረቀቷ የያዘችውን አልለቀቀችም፤ የለቀቅነው እኛ ነን። ይህንን ስንጽፍ ጥቂት እፍረት ይሰማናል፤ ነገር ግን በራስ ስሕተት ሌላውን ማስተማር ከዝምታ ይሻላልና እንናገረዋለን።

በ2011 ዓ.ም. የመዝገብ አያያዝ ትምህርት ለሦስት ወር እንድንከታተል ወደ ስዊስ አገር ተልከን ነበር። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 2019 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ወሩ የካቲት ነበር። በእኛ አገር የካቲት አውድማው ተጠርጎ እህሉ ጎተራ የገባበት፣ ፀሐይም የምትበረታበት ወር ነው፤ በዚያ ግን ተራራውም ሜዳውም ጣራውም ነጭ ጋቢ እንደ ተከናነበ ሰው ሆኖ ነበር።

አማርኛችን ለዚህ ነገር የሰጠው ስም አንድ ብቻ ነው። በክረምት ከደመና የሚወርደውንም ጠጠር፣ በብርጭቆ ውስጥ የሚጨመረውንም፣ በተራራ ላይ የሚነጠፈውንም ሁሉንም «በረዶ» እንለዋለን። ደገኛው ወገናችን ውርጭንና አመዳይን ለይቶ ያውቃል፤ ሆኖም እንደ ጥጥ ብናኝ እየረገፈ እስከ ወገብ የሚቆለለውን እኛ በዚያች የካቲት በዓይናችን እስክናየው ድረስ በወሬ ብቻ ነበር የምናውቀው።

በምንማርበት መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ተራራ የሚወጡ፣ ቁጥብ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። አንድ ዓርብ ቀን ሁለት ቀን ዕረፍታችንን ከእርሳቸውና ከቤተ ሰባቸው ጋር እንድናሳልፍ አንደርማት ወደምትባለው የተራራ ከተማ ጋበዙን። አብረውን የተጓዙት ነርስ የሆነችው ልጃቸው፣ ባሏ፣ እንዲሁም አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበሩ። አራቱ በማግሥቱ በስኪ ተራራ ሊወጡ አስበዋል። እኛ ስኪ ተጫምተን መቆም እንኳ ስለማንችል ከተማው ውስጥ እንቆያለን።

በባቡር ስንጓዝ መሐንዲሱ «በአገራችሁ ስኪ የሚያውቅ ሰው አለን?» ብሎ ጠየቀን። እኛም ሮቤል ተክለ ማርያም የተባለ የአዲስ አበባ ተወላጅ በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች የኢትዮጵያን ስም ይዞ በስኪ ሩጫ መወዳደሩን፣ በክረምቱ ኦሊምፒክም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ነገርነው። «እንግዲያው አንተ ሁለተኛው ትሆናለህ» ብሎ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን።

ለማያውቀው አንባቢ ለመግለጥ ያህል፣ ስኪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰው በብረት ገመድ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ ወጥቶ በተደለደለና ጠባቂ ባለው መንገድ የሚንሸራተትበት ነው። ሁለተኛው ግን ሰው በገዛ እግሩ ተራራውን ወጥቶ፣ ማንም ባልደለደለው በረዶ ላይ የሚወርድበት ነው። ለመውጣት ከስኪው ሥር ጠጉር ያለው ረጅም ጨርቅ ይለጠፋል። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ በመሆኑ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን አንዲት ስንዝር አያስኬድም። ጥንት አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ነበር ይባላል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጨርቁን ልጠው ይጠቀልሉና ቁልቁል ይወርዳሉ። በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ጠባቂም አጥርም የለም፤ ጠባቂው የተጓዡ አሳብ ብቻ ነው።

አንደርማት እንደ ደረስን 11 ሰዓት ላይ ሁላችንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እኛ እራት የሚቀርብ መስሎን ነበር፤ የቀረበው ግን ካርታ ነው። በስዊስ አገር ስለ በረዶ የሚመራመረው የዳቮስ ተቋም በክረምት ወራት በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ እንደ ገናም ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ስለ በረዶ ናዳ አደጋ መግለጫ ያወጣል። የአደጋው መጠን ከ1 እስከ 5 በተደረገ ደረጃ ይነገራል፤ 1 ዝቅተኛው ሲሆን 5 እጅግ ከፍተኛው ነው። የዚያን ዕለት መግለጫ ደረጃ 3 ይላል። እኛ «እንግዲያው መካከለኛ ነው» ብለን ልናጽናና ሞከርን። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚህ አገር በናዳ ከሚሞቱት ሰዎች ቢያንስ ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በደረጃ 3 ቀን ነው» አሉን። «4 እና 5 ሲሆን ሰው ፈርቶ ከቤቱ ይቀመጣል። 3 ሲሆን ግን ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታ ሊሆን ይችላል፤ ሰውም ይደፍራል።»

ቀጥለውም ናዳ እንዴት እንደሚነሣ አስረዱን። ነፋስ በረዶውን ከተራራው አንድ ወገን ጠርጎ በሌላው ወገን ይከምረዋል። ይህ ክምር ጠንክሮ እንደ ሰሌዳ ይሆናል፤ ከሥሩ ግን እርስ በርሱ ያልተያያዘ፣ ላላ ያለ የቆየ በረዶ ሊኖር ይችላል። እኛ በልባችን በጤፍ ፍሬ ላይ የተጣለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርገን ሣልነው። በዚያ ላይ የአንድ ሰው ክብደት ሲያርፍ የላላው ክፍል ይሰበራል፣ ስብራቱም እንደ መብረቅ በየአቅጣጫው ይሮጣል፣ ሰሌዳውም ሁሉ ይንሸራተታል። በናዳ ከተያዙት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው መሆናቸውን በሰማን ጊዜ ተደነቅን። እንግዲህ ተራራው ሰውን ፈልጎ አይመጣም፤ ሰው ነው ሄዶ የሚነካው።

ከዚህ በኋላ ወደ ካርታው ተመለሱ። በስዊስ የተራራ ካርታ ላይ ተዳፋቱ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነው ስፍራ ሁሉ በቀለም ይታያል፤ ከ30 እስከ 35 ቢጫ፣ እስከ 40 ብርቱካንማ፣ እስከ 45 ቀይ ነው። ከ30 ዲግሪ ባነሰ ተዳፋት ላይ የሰሌዳ ናዳ ብዙ ጊዜ አይነሣምና። ቬርነር ሙንተር የተባለ የስዊስ አገር ተራራ መሪ ያስተማረው አንድ ቀላል ደንብ አለ፦ ደረጃው 2 ሲሆን ከ40 ዲግሪ በታች፣ 3 ሲሆን ከ35 ዲግሪ በታች፣ 4 ሲሆን ከ30 ዲግሪ በታች መቆየት ነው። መሐንዲሱ ለሳምንት ያህል ያለመው ተራራ ቀይ ቀለም የበዛበት ነበር። በአሳብ ተሟገተ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከእርሱ ጋር አልተስማማለትም። ስለዚህ በሆስፐንታል መንደር በላይ ያለውና ከፍታው 2,661 ሜትር የሆነው ቪንተርሆርን የተባለው ተራራ ተመረጠ። በእርሱም ላይ ቢሆን የላይኛው ክፍል በወረቀቱ ውስጥ የገባው «በረዶው የፈቀደ እንደሆነ» ከሚል ቃል ጋር ነው።

ሙንተር ሌላም ትምህርት አለው። ተጓዥ ሦስት ነገሮችን፣ ይኸውም የአየሩንና የበረዶውን ሁኔታ፣ የመሬቱን አቀማመጥ፣ የሰዎቹንም ጠባይ ሦስት ጊዜ ይመረምራል፦ አንድ ጊዜ በቤቱ፣ አንድ ጊዜ በስፍራው ደርሶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በእያንዳንዱ አስጊ ተዳፋት ፊት ቆሞ። ሽማግሌው የሰዎቹን ጠባይ በሚመረምሩበት ጊዜ አንዳች ይሉኝታ አላሳዩም። ልጃቸውን «ሌሊት ሠርተሽ ነው የመጣሽው፤ ምን ያህል ተኝተሻል?» አሏት። መሐንዲሱን «አንተ መመለስ ትጠላለህ» አሉት። ስለ ራሳቸውም «እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፤ ጉዞው በእኔ እርምጃ ይለካ» አሉ። በሰዓት 400 ሜትር ከፍታ እንወጣለን ብለው አሰቡ። ተራራው ከመንደሩ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ዕረፍቱ ሲጨመር ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ከዚያም ለእንስሳቱ ተራ ደረሰ። በካርታው ላይ በክረምት ሰው የማይገባባቸው፣ ለአራዊት ዕረፍት የተከለሉ ስፍራዎች አሉ። የተራራ ፍየልና ቆቅ መሰል የበረዶ ወፎች ክረምቱን የሚያልፉት ባላቸው ጥቂት ኃይል ቆጥበው ነው። ሰው አስደንግጧቸው በጥልቅ በረዶ ውስጥ ቢሸሹ ያ ኃይል ያልቅና እስከ ጸደይ አይደርሱም። ነርሷ መንገዱን በእርሳስ ስትሥል ከእነዚህ ስፍራዎች ራቅ አድርጋ፣ ከጫካው ውጭ አሳለፈችው። ያን ጊዜ የሰሜን ተራራችን ዋልያ ትዝ አለን።

በመጨረሻ ዕቃቸውን ዘረጉ። እያንዳንዱ ሰው በደረቱ ላይ የሚታሰር የሬዲዮ ምልክት ሰጪ፣ አካፋ፣ እየተገጣጠመ የሚረዝም መፈተሻ ዘንግም አለው። አንዱ ቢቀበር ሌሎቹ ምልክቱን ተከትለው፣ በዘንግ ወግተው፣ በአካፋ ቆፍረው ያወጡታል። ሽማግሌው ያን ጊዜ «15 ደቂቃ ነው ያለን» ይሉ ነበር። በ2024 የወጣ የስዊስ አገር ጥናት ግን ጊዜው ከዚያም አጥሮ 10 ደቂቃ መሆኑን አሳይቷል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጡት ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የሚተርፈው ከሦስት አንዱ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለተቀበረ ሰው ሄሊኮፕተር አይደርስለትም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረታችን በዚያ አገር በአካፋ ሲፈጸም አየን።

«እንግዲያው እኛ ከታች ሆነን ምን እንረዳችኋለን?» ብለን ጠየቅን። ሽማግሌው አንዲት ነጭ ወረቀት አውጥተው በጥሩ የእጅ ጽሕፈት በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንደኛውን በኪሳቸው ከተው ሁለተኛውን ለእኛ ሰጡን። በእርሷም ላይ የአራቱ ስም፣ የሚሄዱበት መንገድ፣ ከመንገዱ ቢወጡ በየት በኩል እንደሚመለሱ ተጽፏል። ከዚያም ሰዓቱ ይከተላል፦ ከጧቱ 2 ሰዓት ከሩብ መነሻ፤ 6 ሰዓት የትም ቢደርሱ መመለሻ፤ 7 ሰዓት ተኩል መንደር መግቢያ፤ 8 ሰዓት ለእኛ መደወያ። ከግርጌው በሁለት መስመር የተሰመረበት ቃል እንዲህ ይል ነበር፦ «እስከ 9 ሰዓት ካልደወልን ለአየር ነፍስ አድን በ1414 ደውል፤ ይህን ወረቀት አንብብላቸው።»

«ስለ ምን 9 ሰዓት ሆነ?» አልናቸው።

«ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ትጠልቃለች። ለሚፈልጉን ሰዎች ሦስት ሰዓት ብርሃን እንተውላቸው ብለን ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ቀን ቢገኝ ይድናል፤ ሌሊቱን በብርድ ካደረ ግን አይታወቅም» አሉን። ቀጥለውም «ይህን አደራ ትቀበላለህን?» ብለው ጠየቁን። እኛም እጃችንን በደረታችን ላይ አድርገን «እንቀበላለን» አልን። ወረቀት መጠበቅ ሥራችን አይደለምን?

በማግሥቱ ጧት እስከ ሆስፐንታል ሸኘናቸው። የ2 ሰዓቱን መግለጫ አነበቡ፤ ደረጃው እንዳለ ነው። ሽማግሌው ጥቂት ርቀው ቆሙና ሌሎቹ አንድ በአንድ በፊታቸው ሲያልፉ የየአንዳንዱ ምልክት ሰጪ መሥራቱን አዳመጡ። ከዚያም አራቱ በተርታ ሆነው ዳገቱን ጀመሩ። እኛ እንደ አገራችን ልማድ እስኪሰወሩ ድረስ ቆመን አየናቸው።

ወደ አንደርማት ተመልሰን ከተማውን ዞርን። ከከተማው በላይ በተራራው ጎን ላይ አንድ ጫካ አለ። ይህ ጫካ ናዳ ወደ ቤቶቹ እንዳይወርድ የሚያግድ በመሆኑ፣ የሸለቆው ሰዎች በ1397 ማንም ዛፍ እንዳይቆርጥበት በጽሑፍ ከለከሉ። ከ600 ዓመት በፊት የተጻፈ ወረቀት ዛሬም ዛፉን አቁሞታል። በአገራችን በየአድባራቱ ዙሪያ በግዝት የተጠበቀው ደን ትዝ አለንና ደስ አለን። ሆኖም ጫካው ብቻውን ሁሉን አይችልም፤ በጥር ወር 1951 በአንድ ቀን የወረዱት ናዳዎች በዚያች ከተማ 13 ሰዎች ገድለዋል፤ በዚያው ክረምት በስዊስ አገር ሁሉ የሞቱት 98 ነበሩ። ይህን እያሰብን ቀና ብለን ነጩን ተራራ ባየነው ጊዜ፣ ጧት ያማረን መልኩ ጥቂት አስፈራን።

8 ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ አልጮኸም። ይህ በወረቀቱ የታሰበ ነውና አልተጨነቅንም። 8 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሻይ አፍልተን ሳንጠጣው ቀዘቀዘ። 9 ሰዓት ሲሆን ስልኩን በቀኝ እጃችን፣ ወረቀቷን በግራ እጃችን ይዘን በመስኮቱ አጠገብ ቆመን ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ነፋስ የለም፤ በመንገድ ላይ ልጆች ይጫወታሉ።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር። አልደወልንም።

በልባችን ያለፈውን እናስታውሰዋለን። እንግዳ ሆነን በሰው አገር ሄሊኮፕተር እናስነሣን? ደኅና ሆነው በመንደሩ ቡና ቤት ተቀምጠው እንደ ሆነስ? ወጪውን ማን ይከፍላል? «ይህ አፍሪቃዊ በረዶ አይቶ ደነገጠ» ብለው ቢሥቁብንስ? በቋንቋ ብንሳሳትስ? ደግሞም ሽማግሌው ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሆናል? 5 ደቂቃ እንታገሥ አልን። 5 ደቂቃው ሲያልቅ ሌላ 5 ጨመርን። ከዚያ በኋላስ «እስከ አሁን ቆይተን አሁን ብንደውል ለምን ዘገያችሁ ይሉናል» የሚል አዲስ እፍረት መጣ። እፍረት እንዲህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይወልዳል።

9 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። የሽማግሌው ድምፅ ነበር። «ሁላችንም በሕይወት አለን» አሉ። እኛ «ተመስገን» ብለን ሳንጨርስ «የነፍስ አድኖቹን አመስግንና እንዳይነሡ ንገራቸው፤ እስከ መንደር መውረድ እንችላለን» አሉን።

እኛም አለመደወላችንን ነገርናቸው። በስልኩ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። ከዚያም «መልካም፤ በ11 ሰዓት እንደርሳለን» ብለው ዘጉት።

ማታ ሁሉንም ሰማን። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጫፉ በግልጥ እየታየ ሳለ፣ ከእግራቸው ሥር እንደ ታፈነ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በረዶውም በመላው ጥቂት ዝቅ አለ። ይህ የላላው ክፍል ከሥር መሰበሩን የሚያመለክት ነው። መሐንዲሱ ከፊታቸው የሌሎች ሰዎች የስኪ ፈለግ እንዳለ አሳይቶ «እነርሱ አልፈዋል» አለ። ሽማግሌው «ፈለጉ ማለፋቸውን እንጂ መመለሳቸውን አይነግረንም» ብለው ከኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። «ድምፅ ከተሰማ እንመለሳለን» የሚል ማታ በእርሱ ፊት የተጻፈ ቃል ነበረበት። ተመለሱ። በአስጊው ስፍራ አንድ በአንድ እየተጠባበቁ ወረዱ። ታች ከደረሱ በኋላ፣ አደጋው አለፈ በተባለበት ስፍራ፣ መሐንዲሱ ወድቆ ጉልበቱ ዞረ። ስፍራው ጠባብ ሸለቆ በመሆኑ ስልክ አይሠራም። ነርሷ አሰረችለት፤ እየደገፉት በዝግታ ወረዱ።

«ስለ ምን አንድ ሰው አስቀድማችሁ ለመደወል አልላካችሁም?» አልናቸው፤ ጥያቄው ከአፋችን ከወጣ በኋላ ተጸጸትን።

ነርሷ ናት የመለሰችው። «በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ብቻውን አይላክም። ደግሞም 9 ሰዓት ሲሆን አንተ እንደምትደውል እናውቅ ነበር። 9 ሰዓት ሲሞላ አባቴ ሰዓቱን አይቶ ‹አሁን ያውቃሉ› አለን፤ እኛም ተረጋጋን» አለችን።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ በሕይወታችን አልሰማንም። እነርሱ በቅዝቃዜው ውስጥ የተጽናኑት እኛ ባላደረግነው ነገር ነበር።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ሻይ ቀድተውልን እንዲህ አሉ፦ «ያ ሰዓት የእኛ ነበር እንጂ የአንተ አልነበረም፤ አንተ ዘንድ በአደራ አስቀመጥነው። ትዕግሥቱም አስቀድሞ በውስጡ ተጽፎ ነበር። 7 ሰዓት ተኩል እንገባለን ብለን 9 ሰዓት ያልነው አንድ ሰዓት ተኩል ትዕግሥት ጨምረን ነው። በትዕግሥት ላይ ትዕግሥት የጨመርክ እንደ ሆነ ወረቀቱ ይፈርሳል። በከንቱ መደወል አያሳፍርም፤ ነፍስ አድኖቹም የሚሉህ ‹ደኅና በመሆናችሁ ደስ ይለናል› ነው።»

መሐንዲሱ እግሩን በትራስ ላይ ዘርግቶ «እኔ ወደ ላይ ቸኮልሁ፣ አንተ ከታች ዘገየህ፤ እኩል ነን» አለና ሁላችንን አሣቀን። እኛ ግን ያን ሌሊት በሚገባ አልተኛንም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ ጊዜ አሰላስለነዋል። ይሉኝታ በአገራችን መልካም ጠባይ ነው፤ ትልቁን ያስከብራል፣ ክፉውንም ያስቀራል። ነገር ግን አደራ በተያዘበት ሰዓት ይሉኝታ ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ፣ ጨዋ መስሎ አደራ ይበላል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ማለት አባቶቻችን ስለዚህ ነው። ዕቅድም ማለት እኛ እንደምናስበው ሥራ የሚጀመርበት ወረቀት ብቻ አይደለም። ሰው አሳቡ በረጋበት ሰዓት፣ አሳቡ በሚናወጥበት ሰዓት ሊያደርገው የሚገባውን ለራሱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። መሐንዲሱን ከጫፉ በታች የመለሰው ማታ የተጻፈው ቃል ነው። እኛን ግን ያው የተጻፈ ቃል ሊያስደውለን አልቻለም፤ ምክንያቱም እርሱ ለማታው ቃል ታዘዘ፣ እኛ ለቀኑ እፍረት ታዘዝን።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ አንድ ነገር ልማድ አድርገናል። ከመሥሪያ ቤት ለመስክ ሥራ ወደ ሩቅ ወረዳ ስንወጣ ሁለት ቅጂ ወረቀት እንጽፋለን። የምንሄድበት መንገድ፣ የምናድርበት ስፍራ፣ የምንደውልበት ሰዓት፣ ካልደወልንም ማን ለማን እንደሚናገር ይጻፍበታል። አንዱን ይዘን እንወጣለን፤ አንዱን በመዝገብ ቤት እንተዋለን። መጀመሪያ ባልደረቦቻችን «በዚህች መንገድ ደግሞ ምን ይደርሳል?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

አንድ ቀን የመኪናችን ጎማ ፈንድቶ፣ መለዋወጫውም አየር አጥቶ ስልክ በማይሠራበት ቆላ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆምን። ወደ ማታ አንድ የወረዳ መኪና ሁለት ሰዎች ጭኖ እየፈለገን መጣ። ከተማ ደርሰን ስንደውል ወረቀቱን በእጇ የተውንላት ወጣቷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ለወረዳው ደወልሁ። ሰው አስቸገርሁ መሰለኝ» አለችን።

«ስንት ደቂቃ ቆየሽ?» አልናት።

«ምንም አልቆየሁም፤ እንደ ሞላ ነው የደወልሁት።»

«ጎሽ፣ ልጄ» አልናት። ከዚያም በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ስንገናኝ ቡና አስቀርበን የ17 ደቂቃውን ታሪክ ነገርናት። ያችን ከአንደርማት ይዘናት የመጣናትን፣ በግርጌዋ ሁለት መስመር የተሰመረባትን ወረቀትም አሳየናት። ዳሯ ተበልቷል፤ ጽሑፉ ግን አልደበዘዘም። አሁንም በመሳቢያችን ውስጥ አለች፤ የያዘችውንም አልለቀቀችም።